ዕድሜ ያልተጻፈበት አንቀጽ

ጉዲና ቶሌራ ልጁን ሊቀበል አውሮፕላን ማረፊያ የሄደ ቀን፣ በፊቷ ሳይሆን በአረማመዷ ነበር ያወቃት። ፊቷንማ ዓመታት ሙሉ በስልክ አይቶታል። ግን ያቺ ረጅም ልጅ ከመስታወቱ በር ወጥታ፣ ትከሻዋን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ ሳትቸኩል ስትመጣ፣ ሟች ባለቤቱ መሠረት በመቱ ከተማ ከገበያ ስትመለስ የምትራመደውን አረማመድ አየ። ጥሏት ሲወጣ የአምስት ዓመት ሕፃን ነበረች። አሁን ሃያ ሞልቷታል።

“እንኳን ደህና መጣሽ” አላት።

“እንኳን ደህና ቆዩኝ” አለችው ዶርቃ፣ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ልትስም።

ቆዩኝ ማለቷ እስከ ቤቱ ድረስ ባቡር ውስጥ ከጆሮው አልወጣም። አክስቷ ሚልካ በጨዋ ደንብ ነው ያሳደገቻት፤ ታላቅን አንቱ ማለትም ደግ ነው። ሆኖም ልጁ እንደ እንግዳ ሽማግሌ ስታከብረው ደስ ይበለው ወይስ ይክፋው ቸገረው። ሻንጣዋን ተቀበላትና፣ “መንገዱ እንዴት ነበር?” አላት። “ደህና ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን” አለችው። ከዚያ ሁለቱም በመስኮት ወደ ውጭ አዩ።

ዶርቃ ጀርመን የገባችው በአባቷ ስም አልነበረም። ጉዲና መቱ ሳለ አስተማሪ ነበር። ታስሮ ሲፈታ አገር ለቀቀ፤ ፍራንክፈርት ከደረሰ በኋላም በየስድስት ወሩ በምትታደስ ወረቀት ከአሥር ዓመት በላይ ኖረ። በዚያች ወረቀት ልጅ ማምጣት አይቻልም። የኋላ ኋላ የመኖሪያ ፈቃዱ ሲወጣለት በሳምንቱ ልጄ ትምጣልኝ ብሎ አመለከተ። ከወራት በኋላ ከጀርመን ኤምባሲ የመጣው መልስ አንድ ገጽ ነበር። ፈቃዱ የወጣው ዶርቃ አሥራ ስምንት ዓመት ከሞላት ከአርባ ቀን በኋላ ስለሆነ፣ በሕጉ ዓይን እንደ ልጅ አትቆጠርም ይላል። ጉዲና ደብዳቤውን አጣጥፎ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አስቀመጠው። እስከ ዛሬም እዚያው አለ።

መንገዱን ያገኘችው ዶርቃ ራሷ ናት። መቱ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን በጥሩ ውጤት ጨርሳ፣ ፍራንክፈርት ለውጭ ተማሪዎች የመሰናዶ ትምህርት የሚሰጥ ሽቱድየንኮሌግ የሚባል ትምህርት ቤት አመለከተችና ተቀበሏት። አባቷ ያደረገው ነገር ቢኖር የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዶ ዋስ መሆኑን መፈረም ነው። ዋስነት ደግሞ ማንም ሰው ለማንም የሚፈርመው ነገር ነው። ደመወዙ ብቻውን አልበቃ ሲልም ጎረቤቱ ጋሼ ኃይለ መስቀል አብረው ፈረሙ።

ጻይልስሃይም ሰፈር ያለችው ቤቱ ሁለት ክፍል ናት። መኝታ ቤቱን ለልጁ ለቀቀላት፤ እሱ ሳሎን ሶፋው ላይ ይተኛል። ጠዋት ሳያነቃት በካልሲ እየተራመደ ይወጣና በአውቶቡስ ሆክስት ወርዶ፣ ሌላ አውቶቡስ ይዞ፣ ሽቫንሃይም ያለው የአረጋውያን ቤት ሥራው ይገባል። አዛውንቶችን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ ነው ሥራው። ማታ ሲመለስ ዶርቃ እራት ሠርታ ትጠብቀዋለች። “ቀኑ እንዴት ዋለ?” ይላታል። “ደህና ዋለ። እርስዎስ?” ትለዋለች። እንዲህ እየተጠያየቁ ክረምቱ አለፈ።

የተቀራረቡት ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። እሱ የጠዋት ፈረቃውን ሲጨርስ እሷ ሽቫንሃይም ድረስ ትመጣና ከመንደሩ ዳር በሚጀምረው ደን አብረው ይሄዳሉ። ደን ውስጥ ሌላ ሰው ትሆናለች። ቅርፊት ትዳስሳለች፣ ቅጠል ታሸታለች፣ የወደቀ ግንድ ገልብጣ ሥሩን ታያለች። “ይሄ ዋርካ የሚያክለው ኦክ ዛፍ ስንት ዓመቱ ይመስልዎታል?” ትለዋለች። “እኔ እንጃ፣ መቶ?” ይላል። “አራት መቶ ሊሆነው ይችላል” ትለዋለች። ኢሉባቦር ያደገች ልጅ ናት፤ አክስቷ ሚልካ ደን ውስጥ ከተሰቀሉ ቀፎዎች ማር እያስቆረጠች ነው ያስተማረቻት። እናም መሰናዶዋን ስትጨርስ ልትማር የፈለገችው የደን ሳይንስ ነበር። ይህ ትምህርት ፍራንክፈርት የለም። ያለው ፍራይቡርግ ነው። አመለከተች።

በሐምሌ መጨረሻ አንድ ማታ ጉዲና ከሥራ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ ኮምፒውተር አየ። ዶርቃ የታጠቡ ሳህኖችን እንደገና ታጥባለች።

“ምነው?” አለ።

“ፍራይቡርግ ተቀበሉኝ።”

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። “ተመስገን። ታዲያ ንጹሕ ሳህን ምን አድርጎሽ ነው?”

ውሃውን ዘጋችና እጇን በጨርቅ አደረቀች። “ሌላ ግዛት ነው፣ አባቴ። እዚህ ሄሰን ውስጥ የውጭ ተማሪ እንደ አገሬው ሰው ነው የሚማረው። እዚያ ባደን ቩርተምበርግ ግን ከአውሮፓ ውጭ የመጣ ተማሪ በየመንፈቀ ዓመቱ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዩሮ ይከፍላል።”

“በባቡር ሁለት ሰዓት ነው። ሌላ አገር ነው እንዴ?”

“አገሩ አንድ ነው። ሕጉ ነው የተለየው።”

“እሑድም ፈረቃ እወስዳለሁ” አለ ጉዲና።

“እሑድ ጉባኤ ይሄዳሉ።”

“እግዚአብሔር ቦታዬን ያውቀዋል።”

“አይሆንም” አለች ዶርቃ። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ ቃሉ ግን አልተነቃነቀም። “ወገብዎን እያሻሹ ሲቀመጡ አያለሁ። እዚሁ ባዮሎጂ እማራለሁ። ባዮሎጂም ጥሩ ነው።”

ጉዲና ቆሻሻውን ልጣል ብሎ ወጣና ከመጣያው አጠገብ ቆሞ ቀረ። ልጁ ስለ ባዮሎጂ ስትናገር ፊቷ ላይ ያየውን ያውቀዋል። ራሱም ብዙ ጊዜ፣ “ይሄም ጥሩ ነው” ብሎ የተቀበለው ነገር አለ።

በማግስቱ አባትና ልጅ ላይኛው ፎቅ ወዳለው የጋሼ ኃይለ መስቀል ቤት ወጡ። ጋሼ ኃይለ መስቀል ከአርባ ዓመት በላይ እዚህ የኖሩ፣ ተማሪ ሆነው መጥተው ሳይመለሱ የቀሩ፣ ትልቁ የኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በከተማዋ ምዕራብ ሰፈሮች ያለ ሐበሻ የመንግሥት ደብዳቤ ሲደርሰው መጀመሪያ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። ዶርቃ ነገሩን ልታስረዳቸው ስትጀምር እጃቸውን አነሱ።

“ወረቀት በአፍ አይነበብም። አምጪው።”

ዶርቃ የሕጉን ገጽ ከኮምፒውተር አትማ ይዛ ነበር። መነጽራቸው ላይ አጉሊ መነጽር ደርበው ከላይ ጀመሩ። ክፍያውን ያነበበ ሰው ሁሉ የሚያቆምበት ቦታ ላይ አላቆሙም፤ ነጻ ወደሚሆኑት ሰዎች ዝርዝር ወረዱ። ጣታቸው ቁጥር በቁጥር እየወረደ፣ “ይሄ አንቺ አይደለሽም… ይሄም አይደለሽም… ይሄ ለስደተኛ ነው…” እያሉ ቆዩና ጣታቸው ቆመ። በጀርመንኛ ለራሳቸው አነበቡት። ከዚያ በአማርኛ ቀስ ብለው መለሱት።

“ከወላጆቹ አንዱ፣ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ስድስት ዓመታት ውስጥ፣ በድምሩ ሦስት ዓመት በዚህ አገር የኖረና በሕጋዊ መንገድ የሠራ እንደሆነ፣ ተማሪው ከክፍያ ነጻ ነው።”

ጉዲና እጁን ጉልበቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። “ስንት ዓመት ያልሞላው ተማሪ ነው የሚለው፣ ጋሼ?”

አዛውንቱ ወደ ወረቀቱ ተመለሱ። ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ታች አዩ፣ ገጹንም ገለበጡት።

“ዕድሜ አልተጻፈም” አሉ። “ወላጅ ነው የሚለው። ወላጅና ልጅ። ሌላ ነገር የለውም።”

“እስቲ እንደገና ያንብቡልኝ።”

ደግመው አነበቡለት። ዶርቃ ምንጣፉን እያየች ነበር፤ አባቷን ማየት አልደፈረችም። ከመጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ያለውን ደብዳቤ አንድ ቀን ቤት ስታጸዳ አግኝታ አንብባዋለች። አግኝቼዋለሁ ግን አላለችውም።

“የሥራ ዘመንህን ማስረጃ ከጡረታ መድን ጠይቅ” አሉት ጋሼ ኃይለ መስቀል። “ወር በወር ይጽፉልሃል። የልደት ምስክር ወረቀቷ ላይ አባት ተብለህ አለህ አይደል? በቃ። እናንተ ጴንጤዎች ጸልዩ፣ እኔም ለኪዳነ ምሕረት ሻማ አበራለሁ። ግን ደብዳቤውን ዛሬ ላኩ።”

ማስረጃው በሁለት ሳምንት ውስጥ በፖስታ መጣ። ቅዳሜ ነበር፤ ዝናብ ስለጣለ ደን አልሄዱም። ዶርቃ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እርሳስ ያዘች። በግራ በኩል ከመቼ እስከ መቼ፣ በቀኝ በኩል አጭር ቃል። የአባቷ ስድስት ዓመት አንድ ገጽ ተኩል ሆኖ ተቀምጧል።

“ከኦክቶበር 2019 እስከ ማርች 2020” አለች። “ይሄ ምን ነበር?”

“ሆቴል። ባቡር ጣቢያው አካባቢ። ሳህን አጥብ ነበር።”

“ኦክቶበር ማለት የመስከረም መጨረሻ ነው። ዘጠነኛ ክፍል የገባሁ ጊዜ።” እርሳሷን አገጯ ላይ አደረገች። “ቀይ ጫማ ልከውልኝ ነበር።”

“ጠቦሽ ነበር አሉ።”

“ጠቦኝ ነበር። ግን አደረግኩት። አክስቴ ሚልካ እግርሽ ይቆስላል እያለችኝ እስከ ገና አደረግኩት።”

ጉዲና አያውቅም ነበር። የእግሯን ልክ በግምት ነው የገዛው። ሱቁ ውስጥ የሌላ ሰው ልጅ እግር አይቶ፣ ይህችን ታክላለች ብሎ።

“ከዚያ ባዶ ነው” አለች።

“ኮሮና መጣ፣ ሆቴሉ ተዘጋ። በዚያች ወረቀት ደግሞ አዲስ ሥራ ለመያዝ እንደገና ፈቃድ መጠየቅ ነበረብኝ። ብዙ ቆየ።”

“ሴፕቴምበር 2021 ይጀምራል።”

“የጥቅል መጋዘን። ሳጥን በማሽን ቀበቶ ላይ ይመጣል፣ በየከተማው እንለያለን። ደግ ሥራ ነበር፤ ትከሻ ይበላል እንጂ።”

እንዲህ እያሉ ወረዱ። እሷ ወሩን ታነባለች፣ ወደ አገሯ ወር ትመልሰዋለች፤ እሱ ቦታውን ይነግራታል፤ ከዚያ እሷ በዚያ ወር የት እንደነበረች ትነግረዋለች። የሂሳብ አስተማሪዋ የታመመበት ወር፣ አክስቷ ሚልካ ያረጀውን ጣራ ያስቀየረችበት ክረምት፣ መብራት ጠፍቶ በስልክ ብርሃን ያጠናችበት ሰሞን። ጉዲና አንዳንዱን ሰምቶት ነበር፤ አብዛኛውን ግን አሁን ነው የሚሰማው።

“ኖቬምበር 2022 ላይ ያቆማል” አለች ዶርቃ። “እስከ ዲሴምበር 2023 ምንም የለም። አሥራ ሦስት ወር።”

ጉዲና ተነሣ። “ሻይ ላፍላ።”

“አሁን ጠጣን እኮ።”

ተመልሶ ተቀመጠ። ዶርቃ እርሳሱን አስቀመጠች።

“ያን ጊዜ ነው ፊትዎን ማሳየት የተዉት” አለች። “ሲደውሉ ካሜራው ተበላሽቷል ይሉኝ ነበር። ሁለት ደቂቃ አውርተው ይዘጋሉ። አክስቴ ሥራ በዝቶበት ነው ትለኛለች። እኔ ግን ያገቡ መስሎኝ ነበር። ሌላ ልጅ የተወለደልዎት።”

“ማን እንዲህ አለሽ?”

“ማንም አላለኝም። እኔው ነኝ ያሰብኩት።”

ጉዲና ወረቀቱ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ አየ። ሌላው መስመር ሁሉ ተጽፎበታል፤ እዚያ ግን ነጭ ነው።

“የኤምባሲው ደብዳቤ በኖቬምበር መጣ” አለ። “በነጋታው ሥራ ገባሁ። ቀበቶው ፊት ቆምኩ። ሳጥኑ ይመጣል፣ እጄ አይነሣም። ያልፋል። ሌላው ይመጣል፣ ያልፋል። አለቃው መጣና ጉዲና ምን ሆነሃል አለኝ፤ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ወደ ቤት ላከኝ። ከዚያ መነሣት አቃተኝ። መብላት አቃተኝ። የጉባኤው ወንድሞች በር አስከፍተው ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝ፤ ሐኪሙም ሆስፒታል አስተኛኝ። ሰባት ሳምንት። ከዚያም ብዙ ወር ቤት ነበርኩ። ጢሜ አድጎ፣ ፊቴ ጎድጉዶ… እንዲያ ሆኜ እንድታዪኝ አልፈለግኩም።” ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ፣ “የምሠራው አንቺን ለማምጣት ብቻ ነበር። እሱ ሲቀር እጄ የሚሠራለት ጠፋው” አለ።

ዝናቡ መስኮቱን ይመታል።

“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?” አለች ዶርቃ።

አልነገርከኝም ማለቷን ጉዲና ሰማ። እሷ ግን ምን እንዳለች የሰማች አትመስልም፤ ዓይኗ ሞልቷል።

“እንዳትፈሪ ብዬ ነዋ።”

“አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ትልቅ ሰው ነበርኩ።”

“ደብዳቤውም እሱኑ ነው ያለው” አለ ጉዲና።

ዶርቃ ሳታስበው ሳቀች፤ በሳቋ መካከል እንባዋ ወረደ፤ በእጇ ጀርባ ጠረገችው። ጉዲና እጁን ዘርግቶ ራሷ ላይ አደረገ። ለመጨረሻ ጊዜ እንዲያ ያደረገው መቱ አውቶቡስ ጣቢያ ነበር፤ ያን ጊዜ እጁ ራሷን ሁሉ ይሸፍነው ነበር።

ቆጠራቸውን ጨረሱ። ስድስት ወር ከሆቴሉ፣ አሥራ አምስት ከመጋዘኑ፣ አሥራ ሁለት ከአረጋውያን ቤቱ። ሠላሳ ሦስት። ሠላሳ ስድስት ነው የሚያስፈልገው። ዶርቃ ሁለተኛ ቆጠረች፤ ያው ነው። የመጨረሻውን መስመር ስታይ ግን ወረቀቱ ባለፈው ዲሴምበር ላይ እንደሚያልቅ አስተዋለች።

“የዘንድሮው ገና አልገባም” አለች። “መሥሪያ ቤትዎ ይጻፍልን። ፍራይቡርግ ማስረጃ የሚቀበለው እስከ አርብ ነው።”

መሥሪያ ቤትዎ። ጉዲና ፈገግ አለ። ከዚያ ቀን በኋላ አንዴ አንተ አንዴ አንቱ ነው፤ የትኛው መቼ እንደሚመጣ እሷም የምታውቅ አይመስልም።

ሰኞ ዕለት አብራው ሽቫንሃይም ሄደች። ጉዲና በሁለት ዓመት ገደማ ሥራው ለአለቃው ምንም ጥያቄ አቅርቦ አያውቅም፤ ፈረቃ እንኳ ቀይሩልኝ ብሎ አያውቅም። ኮሪደሩ ላይ የሥራ ባልደረባው ራሕዋ የልብስ ጋሪ እየገፋች አገኘቻቸው። ራሕዋ አስመራ ያደገች፣ አማርኛዋ ውስጥ ትግርኛ የሚቀላቀልባት ሴት ናት። ልጅቱን አየች፣ ጉዲናን አየች።

“ጓልካ ድያ?” አለችው። “ልጅህ ናት?”

“ልጄ ናት።”

“ልጅ አለኝ ብለህ አታውቅም እኮ። እኔ ብቸኛ ሰው ነው እያልኩ ስንት ጊዜ ላጋባህ አስቤ…” ጋሪዋን አቁማ ዶርቃን ሁለት ጉንጯን ደጋግማ ሳመቻት።

የቤቱ ኃላፊ ፍራው ሎረንጽ ጥያቄውን ሰምታ፣ ችግር የለም አለችና የጉዲናን መዝገብ ከመደርደሪያው አወጣች። ገለጠችው። ቅንድቧ ተሰበሰበ።

“ሄር ቶሌራ፣ ሲቀጠሩ የሞሉት ቅጽ ላይ ልጅ የለኝም ነው ያሉት። ዜሮ ነው የተጻፈው። ልጅ እንደሌለው ሰው ነው የመድን መዋጮዎን ስንቆርጥ የኖርነው።”

ጉዲና ጀርመንኛው ሁሉ ጠፋበት። አጠገቡ የቆመችው ልጁ ጀርመንኛ በደንብ ትሰማለች። ወለሉን አየ፣ መዝገቡን አየ።

“ስህተት ነው” አለ። “ያን ጊዜ ተሳስቼ ነው የጻፍኩት። አንድ ተብሎ ይታረምልኝ።”

“የልደት ወረቀት ይዘዋል?”

ዶርቃ ከቦርሳዋ አወጣችና ሰጠቻት። ፍራው ሎረንጽ ትርጉሙን አነበበች፤ አሮጌው ቅጽ ላይ ዜሮውን ሰርዛ በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ አንድ ብላ ጻፈች፤ ከዚያ ማስረጃውን አትማ፣ ፈርማ፣ ማኅተም መታችበት። የሥራው ማስረጃ ስምንት ወር ይላል። “ምን ልትማሪ ነው?” ብላ ዶርቃን ጠየቀቻት። ዶርቃ ነገረቻት። “እዚህ ከኋላችን ያለውን ደን ታዲያ አንድ ቀን አንቺ ትጠብቂልናለሽ” አለቻት ፍራው ሎረንጽ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አውቶቡሱ ወንዙን ተሻገረ።

“ዜሮ ብለህ ነው የጻፍከው” አለች ዶርቃ። ጥያቄ አልነበረም።

“አዎ። ከሕመሜ ተነሥቼ ብዙም ሳይቆይ ነው የተቀጠርኩት። ሦስት ጊዜ እስክሪብቶ አነሣሁ። አንድ ብዬ ብጽፍ የት ናት ይሉኛል። የት ናት ሲሉኝ ከምመልስ፣ የለኝም ማለቱ ቀለለኝ። ይቅር በይኝ።”

አውቶቡሱ ማቆሚያ ላይ ቆሞ ሰው አወረደ። ልጅ በጋሪ የያዘች ሴት ገባች፤ ጉዲና እግሩን ሰብስቦ ቦታ ሰጣት።

“እኔም” አለች ዶርቃ፣ “ሰባተኛ ክፍል እያለሁ አዲስ አስተማሪ መጣ። አባትሽ የት ነው አለኝ። ሞቷል አልኩት።”

ጉዲና ዞር ብሎ አያት።

“ጀርመን ነው ብል ምን ላከልሽ ይሉኛል። መቼ ትሄጂያለሽ ይሉኛል። ሞቷል ስል ዝም አሉኝ።” ድምፅዋ ቀጠነ። “ማታ እቤት ገብቼ ንስሐ ገባሁ። ነገ እነግረዋለሁ ብዬ ሳልነግረው ዓመቱ አለቀ። አክስቴን ወላጅ ስብሰባ ላይ ሲያገኛት፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ አላት።”

“ሚልካ ምን አለች?”

“ግራ ገብቷት አሜን አለች።”

ጉዲና መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ዶርቃ ያለቀሰ መስሏት ደንግጣ አየችው፤ እየሳቀ ነው። ሚልካን ያውቃታልና፣ ነጠላዋን አስተካክላ በዚያ ክብሯ፣ ላልሞተ ወንድሟ አሜን ስትል ታየችው። ዶርቃም ሳቀች። ጋሪ የያዘችው ሴት ዞር ብላ አየቻቸው፤ አባትና ልጅ ሆክስት እስኪደርሱ ድረስ አላቆሙም። ሲወርዱ ዶርቃ ክንዱን ያዘች፤ እስከ ቤት ድረስም አልለቀቀችውም።

ማስረጃዎቹን ሐሙስ ዕለት ወደ ፍራይቡርግ ላኩ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጋሼ ኃይለ መስቀል በደረጃ ላይ ባገኟቸው ቁጥር፣ “መጣ?” ይላሉ፤ “ገና” ይሏቸዋል። ዶርቃ ለባዮሎጂውም ቦታ እንዳይቀርባት መመዝገቢያ ቀኑን ጽፋ ይዛለች። ጉዲና ስለ ነገሩ አይጠይቃትም፤ ግን ከሥራ ሲገባ ገና ኮቱን ሳያወልቅ ፊቷን ያያል።

መልሱ የመጣ ቀን እሱ ሥራ ላይ ነበር። ሥራ ላይ የግል ስልክ መያዝ ስለማይፈቀድ ዶርቃ ወደሚሠራበት ፎቅ ስልክ ደወለች፤ ያነሣችው ራሕዋ ናት። ጉዲና በዚያ ሰዓት አንድ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ሾርባ እያጎረሰ ነበር። ራሕዋ በሩን ከፍታ፣ “ልጅህ ናት። ቤፍራይት በለው አለችኝ” አለችው።

ቤፍራይት ማለት ነጻ የወጣ ማለት ነው። ጉዲና ማንኪያውን እንደያዘ ቆመ። ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። ቀስ ብሎ አጎረሳቸው፣ አገጫቸውን ጠረገላቸው፤ ከዚያ፣ “ልጄ ፍራይቡርግ ልትማር ነው” አላቸው በጀርመንኛ። ሽማግሌው ብዙ ነገር የሚረሱ ሰው ናቸው። “ጥሩ ከተማ ነው” አሉት። “ሙቀት አለው።”

በኦክቶበር መጀመሪያ ሻንጣዋን ይዞ አብሯት ሄደ። አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቆ፤ ይህ ሁለተኛው ጥያቄው ነበር። የተማሪዎች መኖሪያው ክፍል ጠባብ ነው፤ ግን መስኮቱ ወደ ተራራው ነው፤ ተራራው ከሥር እስከ አናቱ ጥቁር አረንጓዴ ደን ነው። ዶርቃ ሻንጣውን ሳትከፍት መስኮቱ ላይ ቆማ ዛፎቹን በስማቸው ትነግረው ጀመር። ጉዲና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሰማት። ግማሹን ስም አልያዘውም።

ምሳ የተማሪዎቹ ምግብ ቤት በሉ። ምስርና እንደ መኮሮኒ ያለ የአካባቢው ምግብ ነው። ጉዲና ቀመሰና አላመጠ።

“እንዴት ነው?” አለችው።

“ምስሩ ጥሩ ምስር ነው። ያበሰለው ሰው ግን ተናዶ ነበር። ምንም አልጨመረበትም።”

“በርበሬ ላክልኝ።”

“እልካለሁ።”

ዙሪያቸው ወጣቶች ይንጫጫሉ። አንዲት ልጅ ትሪዋን ይዛ ቆማ ቦታው ባዶ መሆኑን ጠየቀቻቸው፤ ተቀመጠችና ከዶርቃ ጋር ማውራት ጀመሩ፤ እሷም የደን ሳይንስ ጀማሪ ናት። “አባቴ ነው” አለቻት ዶርቃ በጀርመንኛ። “ከፍራንክፈርት ነው የመጣነው።” ጉዲና ለልጅቱ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጣት፤ ከዚያ ሁለቱ ስለ ትምህርቱ መርሐ ግብር ሲያወሩ ምስሩን እስከ መጨረሻው በላ።

ስምንት ሰዓት ላይ የአዲስ ተማሪዎች ስብሰባ ነበራት። ጣቢያ ድረስ ልሸኝህ አለችው፤ አይሆንም፣ ታረፍጃለሽ አላት። ትራሙ እስኪመጣ ከማስታወሻ ደብተሯ ቅጠል ገንጥላ፣ የትኛውን ትራም ይዞ የት እንደሚወርድ፣ ባቡሩ ከስንተኛው መስመር እንደሚነሣ፣ ፍራንክፈርት ደርሶ ወደ ሆክስት የሚሄደው የት እንደሚቆም ጻፈችለት። ጉዲና በዚህ አገር ባቡር ሲሳፈር ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። ወረቀቱን ተቀበላት፣ ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ “እዚህ ጋ አራት ነው ሰባት?” ብሎ ጠየቃት።

“ሰባት ነው። አየህ፣ እግሩ ረጅም ነው።”

“ገባኝ” አለ።

ትራሙ ላይ ወጥቶ በሩ ሲዘጋ መስታወቱ አጠገብ ቆመ። ዶርቃ ዘወር ብላ በዚያች ባልቸኮለች አረማመዷ ወደ ስብሰባው ሄደች፤ ያቺ ምሳ ላይ ያገኟት ልጅም ከኋላዋ ሮጣ ደረሰችባት። ጉዲና መቀመጫ አገኘና ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በመጀመሪያው መስመር የተጻፈውን ፌርማታ መጠበቅ ጀመረ።